«ይገጥማል» የሚባል በሽታ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ካንዴላ ነው። አዎ፣ ስለዚያች ነጭ ሸክላ ስላላት የሞተር ዕቃ። «ቲቸር ምነው፣ ሌላው ወሬ ሁሉ አልቆ ነው?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አላለቀም። ግን የኪሳችንን ብር በየቀኑ የሚበላ፣ ሞተራችንን ቀስ በቀስ የሚገድል፣ በራሳችን እጅ ደግሞ ልናቆመው የምንችለው ነገር እያለ፣ ስለማንችለው ብቻ ስናወራ መዋል ሰልችቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልዲያም ሂዱ መርሳ፣ ውርጌሳም ሂዱ ቆቦ፣ አሮጌ የቤንዚን መኪና ይዛችሁ «ካንዴላ ፈልጌ ነበር» ስትሉ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ ቃል አለ። «ይገጥማል።» ቁጥሩ ስንት ነው? «ይገጥማል።» የማን ሥሪት ነው? «አብሽር፣ ይገጥማል።» ለዲኤክስ ነው፣ ለቮልስ ነው፣ ለላዳ? «ሁሉም ያው ነው ወንድሜ፣ ይገጥማል።»

እኔ ደግሞ የምለው፦ መግጠም ሌላ፣ መስማማት ሌላ። የጎረቤት ቁልፍ ጓጉንቸራችሁ ውስጥ ስለገባ በራችሁን ይከፍታል ማለት አይደለም። ለአሮጌ መኪና ትክክለኛው ካንዴላ ውዱ አይደለም፤ ርካሹም አይደለም፤ «ከዱባይ የመጣ ነው» የተባለለትም አይደለም። ለዚያ ሞተር ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የማያነብ መካኒክ፣ ቁጥሩን የማይጠይቅ ባለ መኪና፣ ቁጥሩን የሚደብቅ ነጋዴ፣ ሦስቱም አንድ በሽታ ነው የያዛቸው።

ከስሙ ልጀምር። ካንዴላ የጣሊያን ቃል ነው፣ ሻማ ማለት ነው። በፊዚክስ ክፍል የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ብለን ያስተማርናችሁ ካንዴላም ከዚያው ከሻማ ነው የመጣው። የሞተሩ ካንዴላ ሥራው አጭርና ከባድ ነው፤ ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ በትክክለኛው ቅጽበት ብልጭ ማለት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ የአንድ ተራ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ማቀጣጠል አለበት። በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ ዕቃ በ«ይገጥማል» ይመረጣል እንዴ?

አሁን ቁጥሩን እናንብብ። ዕቃው ላይ ፊደሉ በላቲን ነው የተጻፈው፤ እኔ እዚህ በአጠራሩ እጽፈዋለሁ። የጃፓኑ ኤንጂኬ «ቢፒ5ኢኤስ» ብሎ የሚጽፈው ካንዴላ አለ። «ቢ» ማለት የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊሜትር ነው። «ፒ» ማለት የውስጡ ሸክላ ጫፉ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። «5» የሙቀት ቁጥሩ ነው። «ኢ» ማለት ጥርስ ያለው ክፍል ርዝመት 19 ሚሊሜትር ነው። መሃሉ ላይ «አር» ከገባበት፣ ማለትም «ቢፒአር5ኢኤስ» ከሆነ፣ ውስጡ የሬዲዮ ጩኸት የሚቀንስ ሬዚስተር አለው። መጨረሻው ላይ «11» ከተጨመረ የብልጭታው ክፍተት 1.1 ሚሊሜትር ነው። ይኸው ነው። ስድስት ሰባት ምልክት። ፔሪዮዲክ ቴብልን በቃሉ የያዘ ልጅ ይህን መያዝ ያቅተዋል?

አንድ በአንድ ስህተቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የርዝመት ስህተት ነው። የድሮው ቮልስ፣ ያ ኤሊ የሚመስለው፣ አጭር ጥርስ ያለው ካንዴላ ነው የሚፈልገው፤ 12.7 ሚሊሜትር። በኤንጂኬ አጻጻፍ «ኤች» ነው፣ ለምሳሌ «ቢ5ኤችኤስ»። ላዳው ደግሞ 19 ሚሊሜትር ነው የሚፈልገው። ሁለቱም ውፍረታቸው 14 ስለሆነ የላዳው ካንዴላ ቮልሱ ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል። ይገጥማል! ግን ሒሳቡን ሥሩት፤ 19 ሲቀነስ 12.7፣ 6.3 ሚሊሜትር ትርፍ ብረት ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ወይ ፒስተኑ ወይ ቫልቩ ይመታዋል፤ ባይመታው እንኳ የወጣው ጥርስ እንደ ፍም ግሎ ነዳጁን ያለጊዜው ያቀጣጥለዋል። የተገላቢጦሹም አለ፤ አጭሩን ረጅሙ ቦታ ሲከቱት ብልጭታው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ባዶ የቀረው የቴስታታው ጥርስ ካርቦን ይሞላል። ነገ ትክክለኛውን ልግጠም ስትሉ አልገባም ይላል። በጉልበት ሲጠመዘዝ የአልሙኒየሙ ቴስታታ ጥርስ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ወጪው የካንዴላ ሳይሆን የቴስታታ ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚሸወድበት የሙቀት ቁጥሩ ነው። «ሞቃት ካንዴላ»፣ «ቀዝቃዛ ካንዴላ» ሲባል የብልጭታው ብርታት አይደለም። ካንዴላው ከሲሊንደሩ የሚቀበለውን ሙቀት ምን ያህል ቶሎ ወደ ቴስታታው ያስተላልፋል የሚለው ነው። ቶሎ የሚያስተላልፈው ቀዝቃዛ፣ ይዞ የሚቆየው ሞቃት ይባላል። የካንዴላው ጫፍ በሥራ ላይ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት። ከ450 በታች ከሆነ ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ ማጽዳት ያቅተዋል። ከ850 በላይ ብዙ ከሄደ ደግሞ ጫፉ ራሱ እሳት ይሆንና ነዳጁ ብልጭታ ሳይጠብቅ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው «ቁጥሩ ከፍ ያለው ጠንካራ ነው» የሚለው ወሬ የሚመጣው። ሰው ቁጥሩን እንደ ማትሪክ ውጤት ነው የሚያየው፤ 7 ከ5 ይበልጣል ይላል። አይበልጥም። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ይሆናል። በቦሽና በቻምፒዮን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይበልጥ ሞቃት ይሆናል። ገባችሁ? የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16 እና ከቦሽ 8 ጋር ይመጣጠናል። የኤንጂኬ 6 ደግሞ ከዴንሶ 20 እና ከቦሽ 7 ጋር። አሁን አንድ ሰው «መኪናዬ 5 ነው የሚፈልገው» ብሎ፣ ሻጩም «5 አለኝ» ብሎ ከቦሽ 5 ቢሰጠው፣ ለኃይለኛ ሞተር የሚሆን ቀዝቃዛ ካንዴላ ነው የተሸከመው። ከተማ ውስጥ ቆም ቀስ እያለ የሚሄድ አሮጌ ኮሮላ ላይ እሱን ከገጠመ ካንዴላው ብዙ ሳይቆይ ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ሁለቱም አልዋሹም፤ አንዱ 5 ጠየቀ፣ አንዱ 5 ሰጠ። ያጠፋቸው አለማወቅ ነው።

ሦስተኛው ክፍተቱ ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ መነካኪያ ያለው የድሮ መኪና የሚፈልገው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ኤሌክትሮኒክ የሆኑት ወደ 1.1 ይደርሳሉ። ባለ 11ን ካንዴላ አምጥቶ ሳይለኩ ለድሮ ቦቢና መስጠት፣ ሁለት ኩንታል ለለመደች አህያ ሦስት መጫን ነው። ሜዳ ላይ ትሄድ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ትተኛለች። ክፍተት የሚለካው በመለኪያው ቅጠል ነው እንጂ በዓይን ወይም በጥፍር አይደለም። ጋራዥ ከፍቶ ይህችን ትንሽ መለኪያ ያልገዛ ሰው፣ ቴርሞሜትር የሌለው ክሊኒክ ማለት ነው።

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ያጋጠመውን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ጋራዡንም አልጠራም። አሮጌ ዲኤክስ አለው። ከወልዲያ ወደ ድልብ ያለውን ዳገት ስትወጣ ትንተፋተፋለች፣ ጉልበት ታጣለች። ቦቢና ቀየረ። የካንዴላ ገመድ ቀየረ። ካርቡሬተር አስጠረገ። የቤንዚን ፓምፕ ሁሉ ሊቀይር ነበር። በመጨረሻ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? አራት ካንዴላ፣ ሦስት ዓይነት ሥሪት፣ ሁለት ዓይነት የሙቀት ቁጥር፣ ክፍተታቸው አራቱም የተለያየ። አንድ ክፍል ውስጥ የአንደኛ፣ የአምስተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሰብስቦ አንድ ፈተና እንደመስጠት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ መጣለት፣ ተለክቶ ተገጠመ፣ ዳገቱን ወጣች። ያ ሁሉ ብር የወጣው ማንም ቁጥር ስላላነበበ ነው።

እንግዲህ «ኢሪዲየም» ወደሚባለው እንምጣ። አሁን አሁን ፋሽኑ እሱ ሆኗል። «ኢሪዲየም ግጠም፣ መኪናህ አዲስ ትሆናለች፣ ነዳጅ ግማሽ ትቀንሳለች» ይላሉ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እውነቱን ልናገር፤ ኢሪዲየም መጥፎ አይደለም። ብረቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ጫፉን እንደ መርፌ ማቅጠን ይቻላል፤ ቀጭን ጫፍ በትንሽ ቮልቴጅ ብልጭ ይላል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ተራው ባለ መዳብና ኒኬል ካንዴላ ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎሜትር ሲያገለግል፣ ኢሪዲየሙ 100,000 እንዲያገለግል ተብሎ ነው የሚሠራው። እንደ አንዳንድ ቪትዝና ያሪስ ከፋብሪካው ኢሪዲየም የተጻፈለት መኪና ካላችሁ ኢሪዲየም ግጠሙ፤ እዚያ ላይ መቆጠብ ጥሩ አይደለም።

ግን ፋሻው አልቆ ዘይት የሚበላ የ35 ዓመት ኮሮላ ላይ ኢሪዲየም መግጠም፣ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ምንጣፍ መግዛት ነው። ዘይቱ ተራውንም ኢሪዲየሙንም እኩል ነው የሚያበላሸው። 100,000 ኪሎሜትር የሚቆይ ዕቃ በሁለት ወር ጥላሸት ከለበሰ ዕድሜው ምን ጠቀመ? ለእንዲህ ያለ ሞተር ቁጥሩ ትክክል የሆነ ተራ ካንዴላ ገዝቶ፣ በየጊዜው እየፈቱ እያዩ፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል። ነዳጅ ግማሽ የሚቀንስ ካንዴላ ደግሞ አልተፈጠረም። ያረጀና የተሳሳተ ካንዴላ ነዳጅ ያባክናል፤ ትክክለኛው የባከነውን ይመልሳል። ከዚያ በላይ ተአምር የለም።

ኢሪዲየም የሚባለው ሁሉ ኢሪዲየም ነው ወይ የሚለውም አለ። ኤንጂኬም ዴንሶም በዓለም ገበያ በስማቸው አስመሳይ ካንዴላ እንደሚሸጥ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። እኛ ገበያ ደግሞ ከዚህ ተለይቶ የተባረከ አይደለም። እንዲህ ፈትሹ፦ ጽሑፉ በአውራ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ተጠራጠሩ። ቀለበቷ ጥርሱ ላይ ሳትያዝ ዝም ብላ የምትወድቅ ከሆነ ተጠራጠሩ። መሃለኛው ጫፍ መሃል ላይ ካልቆመ፣ ጥርሱ ሻካራ ከሆነ፣ አራቱ እርስ በርሳቸው ካልተመሳሰሉ ተጠራጠሩ። «አር» የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ቴስተር አምጡና ከላይኛው ጫፍ እስከ መሃለኛው ኤሌክትሮድ ለኩ፤ 5 ሺህ ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ዜሮ ካሳየ «አር»ው ጌጥ ነው። ይህ የኦም ሕግ ነው፤ «ቲቸር ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» ስትሉኝ የነበረው።

አንድ ሌላ ተረትም አለ። «ወልዲያ ደጋ ናት፣ የሚያስፈልገው ሞቃት ካንዴላ ነው፤ መርሳ ቆላ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው።» ሰምታችኋል? እኔ ሰምቻለሁ። ካንዴላ ጋቢ አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ ያለው እሳት የወልዲያን ንፋስ አያውቅም። ከፍታው የሚቀይረው ሌላ ነገር ነው፤ አየሩን ነው። ወልዲያ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። በቻይናው መንገድ ድልብን አልፋችሁ ወደ ጋሸና ስትሄዱ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ ግፊቱም በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንደተስተካከለ ቤንዚኑን ያፈሳል። አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ ማስተካከልና የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት ነው እንጂ ሞቃት ካንዴላ መፈለግ አይደለም። ሞቃቱን ካንዴላ ገጥመህ ጥቁረቱ ጠፋ ብለህ ደስ ሲልህ፣ ጭነህ ዳገት ስትወጣ ፒስተኑን ትጠብሰዋለህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ስለ መጥቆር ካነሳን፣ ካንዴላ ሲፈታ ሞተሩ የሚናገርበት ምላስ ነው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ካንዴላው ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ነው። እርጥብና ዘይት የነካው ጥቁር ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ፋሻና ቫልቭ አስፈትሹ። ነጭ ሆኖ አረፋ ያወጣ ወይም የቀለጠ ከመሰለ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ምክንያቱን ፈልጉ። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚን ስትቀዱም መጀመሪያ የሚነግራችሁ ይኸው ካንዴላ ነው። መካኒኩ ፈትቶ ሳያሳያችሁ «ቀይሬዋለሁ» ካለ አሮጌውን ስጠኝ በሉ። የእናንተ ንብረት ነው።

የጠቆረውን ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ቤንዚን አርከፍክፎ ማቃጠልም ይቅር። የብሩሹ ብረት ሸክላው ላይ መስመር ያስቀራል፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ መስመር ይሸሻል። ድንገተኛ እሳት ደግሞ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል።

አጠባበቁም መላ አለው። ሞተሩ ሲበርድ፣ መጀመሪያ በእጅ ብቻ እስኪቆም አስገባው። በእጅ ካልገባ ጠምሟል፣ አውጣና እንደገና ጀምር። ከዚያ ባለ 14 ሚሊሜትሩ አዲስ ካንዴላ ቀለበት ካለው በቁልፍ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። ተፈትቶ የተመለሰ ከሆነ ቀለበቱ አስቀድሞ ስለተጨፈለቀ ትንሽ ብቻ ነው የሚነካው። በጉልበቱ የሚኮራ ልጅ ቁልፉን በሁለት እጁ ሲጎትተው ሳይ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለቄስ ብቻ ሳይሆን ለመካኒክም የተባለ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለምን ይህን ያህል ተናደድኩ?

አንደኛ፣ አሮጌ መኪና ለእኛ አገር የሚያልፍ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በውጭ አገር ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ኤሌክትሪክ ብቻ ተባለ። የኤሌክትሪኩ መኪና መልካም ነው፣ ካንዴላም የለውም። ግን ወልዲያ ላይ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እኔና እናንተ እናውቃለን፤ ዋጋውንም እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ዲኤክስ፣ ላዳና ቪትዝ ከእኛ ጋር ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ልጅ የሚያደርሰውም፣ በሽተኛ ሆስፒታል የሚወስደውም፣ ሰርገኛ የሚጭነውም እሱ ነው። እሱን በ«ይገጥማል» መግደል ድህነትን በገዛ ገንዘብ መግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ቤንዚን። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ከ100 ብር አልፏል። እንበልና በተሳሳተ ካንዴላ የተነሳ መኪናህ በቀን አንድ ሊትር ብቻ በከንቱ አቃጠለች። በወር 26 ቀን ከሠራህ 2,600 ብር ነው። በዓመት ከ31,000 ብር በላይ። የካንዴላውን ዋጋ ተከራክረህ ያስቀነስካት ብር የት ሄደች?

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። 97ቱስ? ብዙዎቹ እናንተ ናችሁ። ጋራዥ ገባችሁ፣ ባጃጅ ያዛችሁ፣ የመኪና ዕቃ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ። «ወደቁ» ተብላችኋል። እኔ ግን የምላችሁ፣ ጋራዥ የገባ ልጅ ከትምህርት አልወጣም። ሚሊሜትር፣ ዲግሪ፣ ኦም፣ ግፊት፣ ቃጠሎ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚጠብቃችሁ። «ይገጥማል» ያለ ቀን ነው ሰው በእውነት የሚወድቀው። ያን ቃል የሚያስተምሯችሁ አለቆች ዘይትና ቆሻሻ እንጂ ሙያ እያወረሷችሁ አይደለም።

መልስ የሚሰጡኝን አስቀድሜ አውቃቸዋለሁ። አንዱ «20 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ቁጥር ሳላነብ ስንት ሞተር አስነስቻለሁ» ይላል። ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ጆሮዎ ሞተር ያዳምጣል፣ እኔ ያንን ችሎታ የለኝም። ግን አስነስተው ከላኩት ሞተር ስንቱ በስድስት ወሩ ቴስታታው ወርዶ ተመለሰ? ሞተር መነሳቱ ፈተናውን ማለፉ አይደለም። ልምድዎ ላይ ቁጥሯን ቢጨምሩባት ማን ይችልዎታል?

ሌላው «ዕቃ የለም፣ መንገድ ሲዘጋ ያገኘነውን ነው የምንገጥመው» ይላል። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ቁጥር ማንበብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያኔ ነው! ኤንጂኬው ከጠፋ ዴንሶውን፣ ዴንሶው ከጠፋ ቦሹን በትክክለኛው አቻ መተካት የሚችለው የሚያነብ ሰው ነው። የማያነበው ግን ሱቁ ሙሉ ሆኖም ይሳሳታል።

ሦስተኛው «ደንበኛው ርካሽ ነው የሚፈልገው» የሚለው ነጋዴ ነው። ደንበኛው ርካሽ የሚፈልገው ልዩነቱን ስላልነገርከው ነው። ንገረው፤ ከዚያ ይምረጥ። ካርቶኑን አትጣል፣ ፈትተህ አትቀላቅል፣ አራቱን ከአንድ ሥሪት ከአንድ ቁጥር ስጥ።

ምን እናድርግ? ቀላል ነው። ባለ መኪኖች፣ የመኪናችሁን መጽሐፍ ወይም ኮፈን ሥር ያለውን ጽሑፍ እዩ፤ ከሌለ የሞተሩን ዓይነት ይዛችሁ የአምራቹን ዝርዝር በስልካችሁ ፈልጉ። ቲክቶክ የሚከፍት ስልክ ይህንንም ይከፍታል። ያገኛችሁትን ቁጥርና ክፍተት በወረቀት ጽፋችሁ ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡ። ሱቅ ስትሄዱ አራት ነገር ጠይቁ፦ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የሙቀት ቁጥሩ፣ ክፍተቱ። አራቱ ከተስማሙ የፈለገው አገር ሥሪት ይሁን። አንዱ ከጎደለ ግን ሻጩ ቢምልም፣ ወላሂ ቢልም፣ ማርያምን ቢልም አትግዙ።

ጋራዥ ያላችሁ ልጆቼ፣ የክፍተት መለኪያ ግዙ፣ የካንዴላውን አቻ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እዚህ የጻፍኩትን ጀምሩበት፣ ከአምራቾቹ ዝርዝር ጨምሩበት። ከስር የሚሠራው ትንሹ ልጅ ከመፍታቱ በፊት እንዲያነብ አስተምሩት፤ «ዝም ብለህ ፍታ» አትበሉት።

ከእንግዲህ «ይገጥማል» ሲሏችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱላቸው፤ «ስንት ቁጥር ነው?» በሏቸው። መልስ ከሌላቸው መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የማይስማማ በጨዋነት ይከራከረኝ፤ አስተያየቱ ክፍት ነው። መካኒክ ጓደኛ ያላችሁ ሼር አድርጉለት። ለሁላችንም ሰላሙን ያውርድልን፣ መንገዱንም ክፍት ያድርግልን። ቸር እንሰንብት።